የዶሮዋ ቁና

ተረት ተረት። የላም በረት።

ተረት ሲያልቅ ተራኪው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ዳቦውን መጠየቁ ወግ ነው። እኔ ዳቦውን ከወዲሁ ምሬያለሁ። የሰፈራችን ዳቦ ዋጋው ባልተነካበት ሰሞን እንኳ ወገቡ እየቀጠነ ሄዶ፣ ዛሬ ሙሉ አፍ ይቅርና የከንፈር ጫፍም አያብስ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ምስር ልገዛ ጉልት ወርጄ፣ የሚሰፍሩልኝን እናት «እትዬ፣ ጣሳው ያነሰ አልመሰለዎትም?» አልኳቸው። ሳይቆጡ ገልብጠው አሳዩኝ። ቂጡ ወደ ውስጥ ተመትቷል። «እኔ አልመታሁትም ልጄ፣ ስገዛው እንዲሁ ነው» አሉኝ። አመንኳቸው። የሸጠላቸው ሰው ቢጠየቅም ይህንኑ እንደሚል አልጠራጠርም። ተረቱን የቀሰቀሰብኝ የዚያ ጣሳ ቂጥ ነው።

ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ጭጋጉ ረፋድ ላይ ካልሆነ በማይገለጥበት አገር፣ እንስሳው ሁሉ በአንድ ጎተራ ይተዳደር ነበር። ጎተራው የአያ አንበሳ ነው። በሬ ያርሳል፣ አህያ ይጭናል፣ ፈረስ ይላላካል፣ ውሻ በር ይጠብቃል፣ ድመት አይጥ ታባርራለች። ወር ሲሞላ ሁሉም ከጎተራው ደጃፍ ተሰልፎ ገብሱን በቁና እያሰፈረ ይሄዳል። ውሻና ድመት ገብስ ምን ያደርግላቸዋል የሚል ቢኖር፣ እሱ ደመወዙን እንዳለ ቀቅሎ የሚበላ ሰው መሆን አለበት። እዚያ አገር በገብስ የማይለወጥ ነገር አልነበረም።

ቁና ለማያውቅ የከተማ ልጅ፣ ከስንደዶና ከአክርማ በወስፌ የሚሰፋ የእህል መስፈሪያ ነው። 20 ቁና አንድ ዳውላ ይሞላል ይባላል። ይባላል እንጂ፣ የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና እኩል ሆኖ አያውቅም፤ ኪሎ ከመምጣቱ በፊት ራቅ ካለ ገበያ የሄደ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ አስቀድሞ ቁናውን ማየት ነበረበት።

እመት አህይት በወር 10 ቁና ታገኝ ነበር። 2ቱን ለጋጣው ኪራይ ትከፍላለች። አከራይዋ አያ ጅቦ ነው፤ አህያ በጅብ ግቢ መከራየቷ የሚገርመው ቤት ተከራይቶ የማያውቅ ብቻ ነው። 1 ቁና ለአሞሌ ጨው። 1 ለትልቁ ውርንጭላ ትምህርት ቤት። አስተማሪዋ በቅሎ ነች፤ አባትሽ ማን ነው ስትባል እናቴ ፈረስ ናት የምትለዋ ያችው በቅሎ። ልጁን በዋናነት የምታስተምረው አህያ መሆኑን እንዲረሳ ነው፤ ለዚያ ነው የሚከፈላት። 1 ለዕቁብ፣ ግማሽ ለዕድር። የቀረው 4 ቁና ተኩል እሷን፣ ባሏንና ሁለቱን ልጆች ወሩን ያደርሳል። አንዳንድ ወር ሁለት እፍኝ ይተርፍና የመጨረሻው ምሽት ላይ ቆሎ ይቆላል። የቆሎው ሽታ ግቢውን ሲያዳርስ ትልቁ ውርንጭላ ሳይታዘዝ በሩ ላይ ይቆምና የጎረቤት ልጆችን በስማቸው ይጠራል። እመት አህይት የዓመቱን ድካም ሁሉ የምትረሳው ያን ጥሪ ስትሰማ ነበር።

መስከረም ጠባ። ነጋሪት ተጎሰመ። ጉሬዛ ነጭ ኩታውን አጣፍቶ ከዝግባው ቅርንጫፍ ላይ ቆመ። የአያ አንበሳ ጸሐፊ እሱ ነው፤ ከዛፍ ወርዶ የሚያውቅ አይመስልም፣ ድምፁ ግን ከተራራው ወዲያ ማዶ ይሰማል። «አያ አንበሳ ለሠራተኛው ካላቸው ርኅራኄ የተነሳ፣ 10 የነበረው 11 ቁና እንዲሆን ፈቅደዋል!» አለ። እልልታው ቀለጠ። የእመት አህይት ባል እስክስታ ወረደ። በዓመቱ 12 ሆነ። በሦስተኛው ዓመት 14 ሆነ፤ 13ን የዘለሉት ጉሬዛ ቁጥሩን ስለማይወደው ነው ይባላል።

የእመት አህይት አቁማዳ አንገቱ ላይ ምልክት አለው። ከእናቷ የወረሰችው የፍየል ቆዳ ነው። በየወሩ 10 ቁና ገብስ ሲገባበት ጠፍሩ የሚታሰረው እዚያው ቦታ ላይ ስለነበር፣ ፀጉሩ ረግፎ ቀለበት የመሰለ መስመር አውጥቷል። የ14ቱን ቁና አዋጅ የሰማች ወር ገብሷን ተቀብላ፣ አቁማዳውን አቁማ፣ ጠፍሩን አዞረች። እጇ እንደለመደው ቀለበቱ ላይ ሄደ። ቀለበቱ ሥር ግን ገብስ የለም፤ ባዶ ቆዳ ነው የጨበጠችው። ወደ ታች ዳሰሰች። ገብሱን ያገኘችው ከቀለበቱ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ነው።

ለባሏ አሳየችው። «ልጁ እየቆነጠረ ይሆናል» አለ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ከነጋሪት ደግሞ ጭራሹን። ጎረቤት ነቀዝ ነው አለ፣ ሌላው ቡዳ ነው አለ። አስተማሪዋ በቅሎ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ቁጠባ ረዘም ያለ ምክር ሰጠቻትና ምክሩን ከወሩ ክፍያ ጋር አሰበችላት። በመጨረሻ ዝግባው ሥር ሄዳ አንጋጣ ጉሬዛን ጠየቀችው።

«ስንት ነበር የምታገኚው?» አለ ጉሬዛ።

«10 ቁና ነበር ጌታዬ።»

«አሁንስ?»

«14።»

«ስለዚህ ከመቶ 40 ተጨምሮልሻል። አቁማዳ መቁጠር አይችልም፤ እኔ እችላለሁ። ሂጂ።»

ጉሬዛ አልዋሸም። የእኛም አገር ቁጥር አይዋሽም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ፣ እስከዚያች ዕለት በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሁለት ወር ሳይሞላው ከ100 ብር አለፈ። ዓመቱ ተሻግሮ፣ ጥቅምት 2017 ላይ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ 4,760 ብር ሆነ፤ መስከረም 2018 ላይ ደግሞ 6,000 ገባ። ሁለቱም እውነት ነው፤ የዶላሩም የደመወዙም። ሁለቱ እውነቶች የሚገናኙት ጋዜጣ ላይ ሳይሆን ዘይት በሚገዛበት ሱቅ ደጃፍ ነው፤ እዚያ ደግሞ ጸሐፊ ቆሞ የሚመዘግብ የለም።

ወደ አህይት ልመለስ። ኪራዩ ከ2 ወደ 4 ቁና ወጣ። አያ ጅቦ ሲጠየቅ «የምቀበለው በዚሁ በምትከፈይበት ቁና አይደል?» ይላል፤ ደግሞም እውነቱን ነው። ጨው 2 ሆነ፣ ትምህርት ቤት 2፣ ዕቁብ 1 ተኩል፣ ዕድር 1። ለሆድ የቀረው 3 ቁና ተኩል ነው፤ እሱም በትንሹ ቁና። ትንሿ ውርንጭላ ትምህርት ቤት የምትገባበት ዓመት መጣ፣ ዝም ተብሎ አለፈ። እመት አህይት ማታ ማታ ለአያ ጅቦ ውኃ መቅዳት ጀመረች። ጅብ ለአህያ የትርፍ ሰዓት ሥራ ሲሰጥ የሚያየው ዐይኗን አይደለም፣ ዳሌዋን ነው። እሷም ታውቃለች። ቢሆንም በጨለማ ገንቦዋን ይዛ ትወርዳለች፤ ስትመለስ ልጆቹ ተኝተው ታገኛቸዋለች፣ ስትወጣም ተኝተው ትተዋቸዋለች። ባሏ «ይህች ሴት ጠባይዋ ተለወጠ» ማለት የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። ቆሎውን የሚያነሳ አልነበረም።

አንድ ቀን የአያቷ ቁና ትዝ አላት። ቆጡ ላይ መኖር አለበት። ወጥታ ብታይ አለ፤ ግን ዶሮ ታቅፋበታለች።

«እሜቴ ዶሮ፣ ይችን ቁና ለአንድ አፍታ ብትለቂልኝ?»

«ስንት ቀን ሆነኝ መሰለሽ? ገና ዛሬ ተቀመጥኩ። በ21 ቀን ነይ።»

«ቸኩዬ ነበር።»

«እንቁላል አይቸኩልም» አለች ዶሮ፣ ዐይኗንም ጨፈነች።

21 ቀን ጠበቀች። ጫጩቶቹ ወጡ። ቁናውን አውርዳ ላባውንና ቅርፊቱን አራገፈች። ስፌቱ ጥብቅ ነው፤ አክርማው ጠቁሮ ቆዳ መስሏል። በማታ፣ ባሏ ሲያንኮራፋ፣ ቁርበት አንጥፋ የወሩን ገብስ አፈሰሰችና መስፈር ጀመረች። ሞልታ፣ ነቅነቅ አድርጋ፣ በእጇ አስተካክላ፣ አቁማዳው ውስጥ ትገለብጣለች። አንድ። ሁለት። ሰባት ላይ ስትደርስ ቁርበቱ መሀሉ ታየ። ስምንተኛው ሞላ። ከዚያ በኋላ የተረፈው ሁለት እፍኝ ነው። 14ቱ ቁና በአያቷ ቁና 8 ሆኖ አረፈው። ጠፍሩን አዞረች፤ ከቀለበቱ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ታሰረ። አቁማዳውም እንደ ጉሬዛ አልዋሸም ነበር።

በማግሥቱ ቁናውን ተሸክማ ሰፊዋ ዘንድ ሄደች። የጎተራውን ቁና የምትሰፋው እንኮዬ ጦጢት ናት። ጦጢት አሮጌውን ቁና ስታይ የያዘችው ወስፌ ከእጇ ወደቀ።

«እኔ አንዲት ዙር ብቻ ነው የቀነስኩት» አለች፣ ገና ሳትጠየቅ። «እኔስ ልጆች የሉኝም? የምከፈለው በዚያው በምሰፋው ቁና ነው። ወስፌ ተወደደብኝ። ጃርትን ጠይቂ።»

ወስፌው የጃርት እሾህ ነው። ጃርት ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ከጀርባው አንድ እሾህ እየነቀለ «ይህ እኮ የሚያም ነገር ነው» አለ። «በፊት በአንድ እሾህ አንድ ቁና ገብስ አገኝ ነበር፤ ያን ገብስ እቤት ሳስገባው ግን እያደር አነሰብኝ። ጨመርኩ። ምን ላድርግ? ይልቅ ስንደዶውን ማን እንዳስወደደው ጠይቂ።»

ስንደዶ የምታጭደው ሚዳቋ ናት። ሚዳቋ ሲያናግሯት ቀና ብላ የምታይ ፍጥረት አይደለችም። እግሯ ሥር ያለውን ሣር እያየች «እኔ የማጭድበት ዋጋ ያው ነው» አለች። «የጨመረው ማመላለሻው ነው። ከወንዝ ዳር የምታመጣልኝ አህያ በሸክም ሁለት እፍኝ ካልጨመርሽ አልጭንም አለች።»

«የትኛዋ አህያ?»

ሚዳቋ ዝም አለች። ሣሩን አየች። ከዚያ እንደምንም «አንቺው ነሽ እኮ» አለቻት።

እመት አህይት አስታወሰች። ኪራዩ 4 የገባ ወር ነበር።

እዚህ ላይ ብናቆመው ለብዙዎች ይመቻል። «አየህ፣ ሁሉም ሌባ ነው፤ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ አከራዩ፣ አንተም ራስህ» እያሉ ቡናቸውን የሚጠጡ አዋቂዎች በየሰፈሩ አሉ። እመት አህይት ግን ስትጭን የኖረች ናት፤ ሸክም ሲያዘም የመጀመሪያውን ቋጠሮ መፈለግ ታውቅበታለች። ከሚዳቋ ዘንድ ተመልሳ ጦጢት በር ላይ ተኛች። ሲመሽ ጦጢት በሩን ከፈተች።

«ከጃርት በፊት፣ ከሚዳቋም በፊት፣ ከእኔም በፊት የወጣችው የመጀመሪያዋ ዙርስ?» አለቻት አህይት።

ጦጢት ዙሪያዋን አየች። «አያ አንበሳ የድንጋዩን አጥር ያሠሩበትን ዓመት ታስታውሺያለሽ? ጎተራው ውስጥ 1,000 ቁና ገብስ ነበር። ለድንጋይ ጠራቢውና ለግብር ማብላቱ 1,300 አስፈለገ። ገብስ ደግሞ በአዋጅ አይበቅልም። ጉሬዛ በሌሊት ጠራኝና ‹ጦጢት፣ 1,000ውን 1,300 የሚያደርግ ቁና ስፊ› አለኝ። ሰፋሁ። ከጎተራው አንዲት ፍሬ አልተሰረቀችም፤ ቁናው ብቻ በዛ። ከዚያ በኋላ ያለው እኛ ስንሯሯጥ ነው።»

«አሮጌውን ቁና ምን አደረጉት?»

«አለ እንጂ። ከጎተራው በር ኋላ ሁለት ችካል አለ። በአንዱ የሚሰፍሩበት ተንጠልጥሏል፤ በሌላው የሚቀበሉበት።»

ይህን ስትሰማ የእህቷ ልጅ ነገር ተገለጠላት። ጎረምሳው ከግል ነጋዴ ዘንድ ማገዶ ይጭናል። የአገሩ ደንብ በወር ከ6 ቁና በታች የሚያገኝ ግብር አይነካውም ይላል። ደንቡ ሲወጣ ልጁ 5 ቁና ያገኝ ስለነበር አይከፍልም። አሁን 7 ያገኛል፤ በአያቷ ቁና ሲሰፈር ግን 4 ነው። ገብሱ ቀንሶ ሳለ ቁጥሩ 6ን ስላለፈ ግብር ከፋይ ሆነ፤ ግብሩን ደግሞ የሚቀበሉት ከበሩ ኋላ ባለው በትልቁ ነው።

ይህኛው እንኳ ከተረት የተዋስኩት አይደለም። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከወር ደመወዝ የመጀመሪያውን 600 ብር ከግብር ነፃ አደረገ፤ ቀድሞ ነፃው 150 ብር ነበርና ያኔ እፎይታ ነበር። ከ10,900 ብር በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበት ተባለ፤ 10,900 ብር በጊዜው የትልቅ ሰው ደመወዝ ነበር። መስመሮቹ ባሉበት ቆሙ፤ ብሩ ከሥራቸው እየቀለለ ሄደ። ሐምሌ 2017 ላይ አዋጁ ተሻሽሎ ነፃው 2,000 ብር፣ የ35 በመቶው መነሻ 14,000 ብር እስኪሆን ድረስ 9 ዓመት አለፈ። በነዚያ 9 ዓመታት ማንም ግብር ጨመርኩ ብሎ አልተናገረም፤ መጨመርም አላስፈለገውም። ጎረምሳውን በተመለከተ ደግሞ፣ የግል ጫኝ ከዚህ በታች አይከፈለው የሚባል ወለል በዚያ አገር አልነበረም። እኛም ዘንድ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ 2018 ሲገባ ግን የግሉ ሠራተኛ የቆመው አሁንም አፈሩ ላይ ነበር።

ሸንጎ ተጠራ። ዝግባው ሥር አራዊቱ ሞላ። አያ አንበሳ ድንጋዩ ላይ ተጋድሟል፤ ጉሬዛ ከላይ ነው። እመት አህይት የአያቷን ቁና ከፊቷ አስቀምጣ እጅ ነሣች።

«አያ አንበሳ፣ ጭማሪ ልለምን አልመጣሁም። ጭማሪው ይቅርብኝ። በዚች ቁና 10 ብቻ ይሰፈርልኝ።»

ጉሬዛ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ፊቱን ከእሷ ወደ ሕዝቡ መለሰና ያን ድምፁን ለቀቀው። «ሰማችሁ ወገኖቼ? የእናንተ አህያ ደመወዝ ከ14 ወደ 10 ይውረድ እያለች ነው!»

ጫጫታው ዝግባውን አነቃነቀው። በሬ «ልጆቼን ልታስርቢ!» ብሎ ቀንዱን አወዛወዘ። ውሻ ጮኸ። ጃርት እሾሁን አቆመ። «14 ያገኘነው በስንት መከራ ነው!» የሚለው ድምፅ የበቅሎ ነበር፤ በቅሎ ከጎተራው ደመወዝተኛ እንኳ አይደለችም። እመት አህይት «ቆይ ልስፈርላችሁ፣ ገብስ አምጡ» ብትል የሚሰማት ጠፋ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ጦጢት ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላ ነበር። ባሏ አንገቱን ደፍቶ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ አለ።

ስለዚያች ቀን ሳስብ በአንበሳው አልበሳጭም፤ አንበሳ አንበሳ ነው። የሚያበሳጨኝ በሬው ነው። አቁማዳው እንደ አህይት አቁማዳ ከቀለበቱ በታች እየታሰረ፣ ይህንንም በየወሩ በገዛ እጁ እየዳሰሰው፣ 14 የሚለውን ቃል ከሚነኩበት ገብሱን ቢወስዱበት መረጠ። ደግሞ እፈርዳለሁ እንጂ እኔስ? ደመወዝ የተጨመረልኝ ወር ለወዳጆቼ ምሳ ጋብዣለሁ፤ ሂሳቡ ሲመጣ ጭማሪው እዚያው ጠረጴዛ ላይ አለቀ፣ እኔ ግን እየሳቅኩ ወጣሁ።

አያ አንበሳ እጁን አነሳ። ዝም ተባለ። «ይህች እናት ተቸግራ ነው» አለ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «የተቸገረ ሠራተኛ እያየን ዝም አንልም። 16 ይሁን።»

ነጋሪቱ ተጎሰመ። እልልታው ከዓምናው በለጠ። ሕዝቡ ሲበተን ጉሬዛ አንዲት ትንሽ አዋጅ ጨመረ፤ አሮጌ ቁና ያለው ሁሉ ለቅርስነት ለግምጃ ቤት ያስረክብ።

ለመሰብሰብ የተላከው ውሻ ነው። በማግሥቱ ጋጣው በር ላይ ደረሰ። እመት አህይት ወደ ቆጡ አመለከተችው። ውሻ ቢያይ ዶሮ ታቅፋለች።

«ተነሺ፣ ትእዛዝ ነው።»

«በ21 ቀን ና» አለች ዶሮ።

እጁን ሲሰድ አፍንጫውን ነከሰችው። ውሻ አፍንጫውን እያሸ ተመለሰና «ቁናው በሥራ ላይ ነው» ብሎ አመለከተ። 21 ቀን ቀጠሮ ተሰጠ። በ21 ቀኑ ሲመጣ ዶሮ ሌላ እንቁላል ይዛ ተቀምጣለች። እንዲህ እየሆነ ዓመቱ ተጋመሰ። ግምጃ ቤቱ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ዶሮን በግድ ማስነሳት ደንብ ያልተጻፈለት ጉዳይ ስለሆነባቸው ነው።

አንድ ሌሊት፣ ወር በሞላ በሦስተኛው ቀን፣ በሩ በቀስታ ተንኳኳ። ውሻ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የመጣው ለቁናው አልነበረም። በጀርባው ከረጢት አዝሏል። ቃል አልተናገረም፤ ከረጢቱን ቁርበቱ አጠገብ አስቀመጠና ቆጡን አየ። እመት አህይት ዶሮን በልምምጥ አስነሳቻት፤ እንቁላሎቹን ባሏ ደረቱ ላይ አቅፎ ያዘ። ተሰፈረ። ውሻ ቁጥሩን ሰማ፣ ከረጢቱን አንጠለጠለ፣ ጭራውን ቆልፎ ወጣ። በሚቀጥለው ወር በሬ መጣ፤ በሩ ለቀንዱ ስለጠበበው እያዘነበለ ነው የገባው። ሸንጎ ላይ ስላለው ነገር አልተነሳበትም። ጃርት መጣ። ሚዳቋ መሬት መሬት እያየች መጣች። ጦጢት ስትመጣ የሰፋችውን አዲሱን ቁና ይዛ ነበር፤ አሮጌው ውስጥ ብታስቀምጠው ጠፍቶ ቀረ፣ ሁለቱም አዩት።

ከዚያ ወዲያ ወር በሞላ ቁጥር ጋጣው ደጃፍ ላይ በጨለማ ሰልፍ ይያዝ ጀመር። ቀን ላይ ዝግባው ሥር ስለ 16ቱ የሚያመሰግኑት እነዚያው ናቸው። ሌሊት የሚሰማው የገብስ መፍሰስ ብቻ ነው፤ አልፎ አልፎ ዶሮ «ቶሎ በሉ፣ እንቁላሌ በረደ» ትላለች። ትልቁ ውርንጭላ ከእንቅልፉ ነቅቶ በሩ ላይ ቆመና፣ ያን ሁሉ ጎረቤት ሲያይ ቆሎ የተቆላ መስሎት ማሽተት ጀመረ።

መጋቢት ላይ፣ ሰልፉ አልቆ እመት አህይት ቁርበቱን ልታጥፍ ስትል፣ አንድ ሌላ ገባ። ጥቁር ነው። ከእግር እስከ ራሱ ጥላሸት ተቀብቷል። ከረጢቱን እየጎተተ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ ሦስተኛውን ሲያስገባ ዞር አለና ጭራው ወደ ብርሃኑ መጣ። ጫፉ ነጭ ነው፤ እሱን መቀባት ረስቷል። እመት አህይት አየች፣ ምንም አላለችም። ዶሮ ግን አንገቷን አስግጋ ረዘም አድርጋ አየችው።

«40 ነው» አለ እንግዳው ጉሮሮውን ጠርጎ። «ስሾም... ስቀጠር 30 ነበር።»

ሰፈረች። ቁናው 22 ጊዜ ሞላ። 23ኛው ሳይሞላ ገብሱ አለቀ። ጎደሎውን ቁና አዘንብላ አሳየችው። እንግዳው ቁርበቱን አየ፣ ከረጢቶቹን አገላብጦ አራገፈ፣ በጣቶቹ የሆነ ነገር ቆጠረ። ጥላሸቱ ላቡን ተከትሎ በፊቱ ላይ መስመር ሠርቶ ይወርዳል፤ በመስመሩ ውስጥ ነጩ መታየት ጀምሯል።

«ተሳስተሻል» አለ። «እንደገና ይሰፈር። አሁን እኔ ነኝ የምቆጥረው።»

እመት አህይት ገብሱን መልሳ ቁርበቱ ላይ አፈሰሰች። የአያቷን ቁና ነክራ ሞላች፣ ነቅነቅ አደረገች፣ በእጇ አስተካከለች። አዋጅ ሲነበብ ከተራራው ወዲያ ማዶ የሚሰማው ያ ድምፅ፣ ልጆቹ እንዳይነቁ ይመስል ዝቅ ብሎ፣ «አንድ» አለ።